ከሪአክተሩ በፊት፦ ኒውትሮንን ከጋማ የሚለየው ፕላስቲክ

ሰሞኑን ስለ ኒውክሌር የማያወራ የለም። ጳጉሜን 2017 የህዳሴ ግድብ ተመረቀ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ መስከረም 2018 ላይ፣ ሞስኮ ውስጥ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የድርጊት መርሃ ግብር ተፈረመ። ከዚያ ወዲህ ፒያሳ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠው ሁሉ ይጠይቃል። ስንት ሜጋ ዋት ነው? የት ይተከላል? ውሃው ከየት ይመጣል? አደጋ ቢደርስስ? ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነው። አንድ ጥያቄ ግን ሲነሳ አልሰማሁም። ጨረራ ሲኖር ምን ዓይነት ጨረራ እንደሆነ የሚለየው ማን ነው? በምን ዕቃ?

ዕቃው አለ፤ ከፕላስቲክ የሚሠራም አለ። ፕላስቲክ ሲንቲሌተር ይባላል፤ ጨረራ ሲመታው ብልጭ የሚል ፕላስቲክ ነው። አዲሱ ዓይነት ደግሞ ብልጭታው እንዴት እየከሰመ እንደሚሄድ በማየት ኒውትሮንን ከጋማ ጨረር ይለያል። ጋማ እንደ ብርሃን ያለ ግን ብርቱ ጨረር ነው፤ ኒውትሮን ደግሞ በአቶም እምብርት ውስጥ የሚገኝ ቅንጣት። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ሀገሪቱ ሪአክተር ከመትከሏ በፊት እነዚህን ሁለቱን መለየት የሚችል የራሷ ሰው፣ የራሷ ላብራቶሪና የራሷ መረጃ ሊኖራት ይገባል፤ አዲስ አበባ መሀል ላይ ሥራውን ለመጀመር ደግሞ ከዚህ ፕላስቲክ የተሻለ መነሻ አይታየኝም።

መለየቱ ለምን አስፈለገ?

ጋማም ኒውትሮንም ቻርጅ የላቸውም። ሁለቱም ግድግዳ ያልፋሉ። ሁለቱም አይታዩም፣ አይሸቱም። ተራ የጋይገር ቆጣሪ ጋማን ይቆጥራል፣ ኒውትሮንን ግን እምብዛም አያየውም። ተራ ፕላስቲክ ሲንቲሌተር ደግሞ ሁለቱንም ያያል፣ የትኛው የቱ እንደሆነ ግን አይነግርህም።

ግራ መጋባቱ የቆየ ነው። ኒውትሮን ራሱ የተገኘው ከዚሁ ግራ መጋባት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ጀርመን ውስጥ ቦተ እና ቤከር ቤሪሊየምን በአልፋ ቅንጣት ሲደበድቡ ወፍራም እርሳስ አልፎ የሚወጣ ነገር አገኙ። ጋማ ነው አሉ። በ1932 መጀመሪያ ላይ ፓሪስ የነበሩት ኢረን እና ፍሬዴሪክ ዦሊዮ ኩሪ ያንኑ ጨረራ ፓራፊን ሰም ላይ ሲለቁት ከሰሙ ውስጥ ፕሮቶኖች በከፍተኛ ፍጥነት ሲወጡ አዩ። እነሱም ጋማ ነው አሉ። ካምብሪጅ የነበረው ጄምስ ቻድዊክ ግን ሒሳቡን ሲሠራው አልመጣ አለው። ጋማ ፕሮቶንን ያን ያህል ለመግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት ከምንጩ ሊወጣ ከሚችለው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ክብደቱ ከፕሮቶን የሚቀራረብ፣ ቻርጅ የሌለው ቅንጣት ነው ሲል በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ጻፈ፤ በ1935 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ልብ በሉ፣ ሁሉም ያዩት ጨረራ አንድ ነበር። ልዩነቱ የተገኘው ከሰሙ የወጣውን ፕሮቶን በትክክል በመለካት ነው። ሰም ሃይድሮጅን የበዛበት ነገር ነው፣ ፕላስቲክም እንደዚያው። የዛሬው መሣሪያ የሚሠራበት መሠረት እዚያው ያለ ነው።

ጉዳዩ የታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፍበትም ነበር። የሰው ጤና አለበት። ዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን የጨረራን ጉዳት ሲያሰላ ለጋማ የሚሰጠው ክብደት (የጉዳት ማባዣ ቁጥር) 1 ነው። ለኒውትሮን እንደ ጉልበቱ ከ2.5 ጀምሮ እስከ 20 ገደማ ይደርሳል፤ ከፍተኛው 1 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ጉልበት መለኪያ) አካባቢ ነው። ይህም ማለት ሰውነት ውስጥ የገባው ጉልበት እኩል ሆኖ ሳለ ጉዳቱ እስከ ሃያ እጥፍ ሊለያይ ይችላል። "ጨረራው ይህን ያህል ነው" ብሎ አንድ ቁጥር ብቻ መስጠት የማይበቃው ለዚህ ነው።

ሌላም ችግር አለ። ኒውትሮን ብቻውን አይመጣም። አሜሪሺየምና ቤሪሊየም የተደባለቁበት የተለመደ የኒውትሮን ምንጭ ከኒውትሮኑ ጋር 4.4 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት የሆነ ጋማ ይለቃል። ሪአክተርም፣ ያገለገለ ነዳጅም እንደዚሁ። ብዙውን ጊዜ ጋማው ከኒውትሮኑ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከብዙ ጋማ መሀል ጥቂት ኒውትሮን መርጦ ማውጣት ነው ሥራው።

ፕላስቲኩ ውስጥ የሚሆነው

ዕቃውን ቀረብ ብለን እንየው። የሻይ ብርጭቆ የሚያክል፣ ጥርት ያለ፣ ዳሩ በደንብ የተወለወለ ድብልብል ፕላስቲክ ነው። የብር ኖት የሚመረመርበት ዓይነት ጥቁር መብራት ቢበራበት ሰማያዊ ያበራል። መሠረቱ ፖሊቪኒልቶሉን ወይም ፖሊስታይሪን ነው። ውስጡ ፒፒኦ የሚባል ብርሃን የሚሰጥ ኬሚካል ሟሙቶበታል፤ ብርሃኑን ወደ ሰማያዊ የሚያሻግር ሌላ ኬሚካልም ጥቂት አለበት። አንዱ ፊት ትንሽ የኦፕቲክ ቅባት ተቀብቶ ፎቶመልቲፕላየር ከሚባል የብርሃን ማጉያ ቱቦ ጋር ይጣበቃል። የቀረው ገላው በነጭ አንጸባራቂ ተሸፍኖ ከላይ በጥቁር ቴፕ ይጠቀለላል። ቴፑ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት ካለች የክፍሉ መብራት ይገባና መለኪያው በሙሉ ይበላሻል። ይህን ሥራ የሠራ ሰው ሁሉ ቴፕ ደግሞ ደጋግሞ መጠቅለልን ያውቃል።

ጋማ ሲገባ ኤሌክትሮን ይገፋል። ኤሌክትሮን ቀላል ነው፤ ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ ጉልበቱን አራርቆ እየጣለ ነው የሚያልፈው። ኒውትሮን ሲገባ ደግሞ የሃይድሮጅንን እምብርት፣ ማለትም ፕሮቶንን ይመታል። ብይ ተጫውቶ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ብይ እኩያውን ብይ ቀጥ አድርጎ ሲመታ ራሱ ይቆምና የተመታው ይሄዳል፣ ጉልበቱ በሙሉ ተላልፏል። ኒውትሮንና ፕሮቶን በክብደት እኩያ ናቸው ማለት ይቻላል። ካርቦንን ቢመታ በአንድ ግጭት ከጉልበቱ ቢበዛ 28 በመቶውን ነው የሚሰጠው። ለፕሮቶን ግን ሁሉንም ሊሰጥ ይችላል። ፕሮቶኑ ከባድ ስለሆነ ሩቅ አይሄድም፤ ጉልበቱን አጭር ቦታ ላይ አጭቆ ይጥለዋል።

ልዩነቱ የሚፈጠረው እዚህ ነው። የተነቃቃ ሞለኪውል ሁለት ዓይነት ሁኔታ ውስጥ ሊገባ ይችላል። አንደኛው ሲንግሌት ነው፤ በጥቂት ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ውስጥ ብርሃን ለቅቆ ይረጋጋል። ሁለተኛው ትሪፕሌት ነው፤ ይህኛው በቀላሉ ብርሃን አይለቅም፣ ጉልበቱን ይዞ ይቆያል። ሁለት ትሪፕሌቶች ከተገናኙ ግን አንዱ ጉልበቱን ለሌላው ይሰጥና ብርሃን ይወጣል፤ ዘግይቶ፣ ከአስር እስከ መቶዎች ናኖሰከንድ ቆይቶ። ፕሮቶን ባለፈበት መንገድ ላይ ትሪፕሌቶቹ ተጨናንቀው ስለሚገኙ ይገናኛሉ። ኤሌክትሮን ባለፈበት ደግሞ ተራርቀዋል፣ ብዙዎቹ ሳይገናኙ ይቀራሉ። ስለዚህ የኒውትሮን ብልጭታ ጅራቱ ወፍራም ነው፣ የጋማው ቀጭን። ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ምልክትን በመስመር የሚያሳይ መሣሪያ) ላይ ሁለቱን ደርበህ ብታያቸው ጫፋቸው አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ሲወርዱ ነው የሚለያዩት።

የሚቀረው ሒሳብ ነው። የእያንዳንዱን ብልጭታ ጠቅላላ ብርሃን ትደምራለህ፣ የጅራቱን ብቻ ለይተህ ትደምራለህ፣ ጅራቱን ለጠቅላላው ታካፍላለህ። በሺዎች የሚቆጠሩ ብልጭታዎችን በዚህ መንገድ ነጥብ በነጥብ ግራፍ ላይ ስታስቀምጣቸው ሁለት ጭራሮ መስመሮች ይወጣሉ፤ የላይኛው ኒውትሮን ነው፣ የታችኛው ጋማ። በሁለቱ መካከል ንጹህ ክፍተት ካለ መሣሪያህ ሠርቷል። የክፍተቱ ጥራት በቁጥር ይለካል፤ የየመስመሩ ብልጭታዎች ሲቆጠሩ ሁለት ጉብታ ይሠራሉ፣ በሁለቱ ጉብታዎች መካከል ያለው ርቀት ለስፋታቸው ድምር ሲካፈል 1.27 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በደንብ ተለያይተዋል ይባላል።

ሃምሳ ዓመት ያስጠበቀው ነገር

ብሩክስ የሚባል ተመራማሪ በዚህ ዘዴ ኒውትሮንን ከጋማ መለየትን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ታዲያ ለምን ስለ ፕላስቲክ አሁን እናወራለን? ምክንያቱም ዘዴው ለረጅም ጊዜ በደንብ ይሠራ የነበረው በክሪስታልና በፈሳሽ ብቻ ነበር። የስቲልቢን ክሪስታል ከሁሉም የተሻለ ይለያል። ግን ውድ ነው፣ በቀላሉ ይሰነጠቃል፣ በትልቁ ማሳደግ ከባድ ነው። ፈሳሾቹ ዛይሊን በሚባል ኬሚካል ላይ የተመሠረቱ ነበሩ፤ በቀላሉ እሳት ይይዛሉ፣ ትነታቸው መርዛማ ነው፣ ኦክስጅን ከገባባቸው ደግሞ ጅራቱን ያጠፋዋል። እንዲህ ዓይነቱን ዕቃ በሮቹ ጠባብ፣ አየር ማስወጫው ደካማ በሆነ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ተማሪ እንዲሠራበት መስጠት አደጋ ነው።

ፕላስቲኩ ያልሠራበት ምክንያት ግልጽ ነበር። ፈሳሽ ውስጥ ሞለኪውሎቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ትሪፕሌቶች ይገናኛሉ። ፕላስቲክ ውስጥ ሁሉም ባለበት የደረቀ ነው። ጉልበቱ ከአንዱ የፒፒኦ ሞለኪውል ወደ ሌላው እየዘለለ መሄድ አለበት፤ በተለመደው ፕላስቲክ ደግሞ ፒፒኦው አንድ በመቶ ገደማ ስለሆነ ርቀቱ አያዘልልም። ብዙ ሰው በፕላስቲክ አይሆንም ብሎ ትቶት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2012 ካሊፎርኒያ የሚገኘው የሎውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዋ ናታሊያ ዛይትሴቫና ባልደረቦቿ ፒፒኦውን ወደ 30 በመቶ ገደማ ከፍ አድርገው አሳዩ። ሠራ። መፍትሔው ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ግን እስከዚያ ያላደረጉት ብዙዎች መሆናቸው በራሱ ይነግራል። ቴክሳስ የሚገኘው ኤልጀን ቴክኖሎጂ ፈቃድ ወስዶ ለገበያ አቀረበው፤ በኋላም ኢጄ-276 የሚባለውን የተሻሻለውን አወጣ። ማሻሻሉ ያስፈለገው ፒፒኦ ሲበዛ ፕላስቲኩ ስለሚለሰልስና ኬሚካሉ ወደ ገጹ ወጥቶ ስለሚያነጣው ነው።

ጊዜውም ገጥሞለታል። ኒውትሮን ለመቁጠር ዓለም ለረጅም ጊዜ የተማመነው በሂሊየም-3 ጋዝ ነበር። ይህ ጋዝ የሚገኘው ከትሪቲየም መበስበስ ነው። ትሪቲየም ደግሞ በዋናነት ለኒውክሌር መሣሪያ ተብሎ የተመረተ ነው፤ ግማሽ ዕድሜው (መጠኑ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 12.3 ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 የኒውዮርክ ጥቃት በኋላ አሜሪካ ወደቦቿንና ድንበሮቿን በመመርመሪያ በሮች ስትሞላ ፍላጎቱ ሰማይ ነካ፤ በ2008 እና 2009 ላይ ክምችቱ እንደማይበቃ ገሃድ ወጣ። የጦር መሣሪያ ፕሮግራም የሌላት ሀገር በዚህ ጋዝ ላይ ብቻ ተመርኩዛ ላብራቶሪ ልታቋቁም አትችልም። ሻጩ በፈለገው ጊዜ ይዘጋባታል።

ከፍታችን

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አልፋ ነው ያለችው። ከጠፈር የሚመጡ ቅንጣቶች አየር ላይ ሲጋጩ ኒውትሮን ይፈጥራሉ፤ በላያችን ያለው አየር ሲሳሳ ወደ መሬት የሚደርሰው ኒውትሮን ይበዛል። በልምድ የሚታወቀው የአየር ግፊት በ1 ሄክቶፓስካል ሲቀንስ የኒውትሮን ቁጥር 0.7 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር ነው። ባሕር ጠለል ላይ ግፊቱ 1,013 ነው፣ እዚህ 770 አካባቢ። አስሉት። አራት ኪሎ ላይ ያለው የተፈጥሮ ኒውትሮን ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው አምስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን የምድር መግነጢስ ብዙዎቹን የጠፈር ቅንጣቶች ይመልስልናል፤ ያም ሆኖ የጅቡቲም ሁኔታ ከዚህ ብዙ ስለማይርቅ ንጽጽሩ ይቆማል።

(ስጋት እንዳይገባችሁ። ይህ ከተማዋ ከተቆረቆረች ጀምሮ የነበረ የተፈጥሮ መጠን ነው፣ ትንሽ ነው።)

ለመሣሪያ ግን ትልቅ ነገር ነው። የኒውትሮን ማንቂያ ዋጋው ያለው ተፈጥሯዊው ኒውትሮን ጥቂት በመሆኑ ነው። በጋማ በኩል ማንቂያው ለብዙ ነገር ይጮሃል፤ መርካቶ ለሚሄድ ሴራሚክ፣ ለማዳበሪያ፣ በፖታሲየም-40 ምክንያት ለሙዝ ጭነት፣ በአዮዲን-131 ታክሞ ከሆስፒታል ለወጣ ሰው። ኒውትሮን የሚለቅ ተራ ሸቀጥ ግን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጥቂት ተጨማሪ ኒውትሮን ከታየ ነገሩ ከምር ነው። እንግዲህ አንድ ወደብ ከተማ ላይ የተስተካከለ መሣሪያ ገዝተህ አምጥተህ እንዳለ አዲስ አበባ ብትተክለው፣ ወይ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል፣ ወይ ሠራተኛው ሰልችቶት ገደቡን ከፍ ያደርገውና እውነተኛው ሲያልፍ ዝም ይላል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነው። በዚያ ላይ ብረት የጫነ ከባድ መኪና ሲያልፍ የጠፈር ቅንጣቶቹ ከብረቱ ተጨማሪ ኒውትሮን ያስነሳሉ። ይህ መጀመሪያ የታወቀው በመርከቦች ላይ ነው፤ በእኛ ከፍታ ፌሮ የጫነ ተሳቢም ያው ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ማንም ሻጭ ከዕቃው ጋር አሽጎ አይልክልንም። እዚሁ መለካት አለባቸው። በክረምት መሬቱ ሲርስ ውሃው ኒውትሮንን ስለሚያደክም ቁጥሩ ይቀንሳል፤ በበጋ ይጨምራል። የነሐሴና የየካቲት መነሻ አንድ አይሆንም። አራት ኪሎ ለእንዲህ ዓይነቱ የትዕግሥት ሥራ አዲስ አይደለም፤ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪው እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የምድርን መግነጢስ ሲመዘግብ ኖሯል።

ምን አለሽ ተራ

ሪአክተር ገና ነው። የጨረራ ምንጭ ግን ዛሬም በዓለም ላይ በየሥራው አለ። በዓለም ዙሪያ መንገድ ሠሪዎች የአፈርና የአስፋልት ጥቅጥቅነት የሚለኩበት አንድ በእጅ የሚያዝ ሳጥን አለ። የተለመደው ዓይነት ውስጡ 0.3 ጊጋ ቤክረል (የጨረራ ምንጭ ጥንካሬ መለኪያ) ገደማ ሲዚየም-137 እና 1.48 ጊጋ ቤክረል አሜሪሺየም ከቤሪሊየም ጋር ይዟል። ሲዚየሙ ጋማ ይለቃል፤ አሜሪሺየም ቤሪሊየሙ በሰከንድ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ኒውትሮኖች። የሲዚየሙ ግማሽ ዕድሜ 30 ዓመት ነው፣ የአሜሪሺየሙ 432። ኩባንያው ቢዘጋ፣ ፕሮጀክቱ ቢያልቅ፣ ሳጥኑ አንድ መጋዘን ጥግ ቢረሳ፣ ምንጩ ባለቤቱን፣ ልጁን፣ የልጅ ልጁንም አልፎ ይኖራል።

የተረሳ ብረት ደግሞ የት እንደሚደርስ እናውቃለን። ምን አለሽ ተራ ይደርሳል። እዚያ የሚሠራው ሰው ቆርቆሮ፣ በርሜል፣ የተጣለ ማሽን በእጁ እየፈታ እየለየ ነው የሚያድረው። እ.ኤ.አ. በ1987 ብራዚል ጎያኒያ ውስጥ ከተተወ ሕንፃ የተወሰደ የሕክምና መሣሪያ ቁርጥራጭ ብረት ገበያ ገብቶ ተፈታ፤ በሲዚየም-137 አራት ሰዎች ሞቱ። በ2010 ዴልሂ ውስጥ ማያፑሪ የሚባል የቁርጥራጭ ብረት ገበያ ላይ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የወጣ የኮባልት-60 መሣሪያ ተፈትቶ አንድ ሠራተኛ ሞተ፣ ሌሎች ተጎዱ። ሁለቱም ጋማ ናቸው፤ ርካሽ የጋማ ጠቋሚ በር ላይ ቢኖር ይጮህ ነበር። አሜሪሺየም ቤሪሊየሙ ግን በብረት ክምር መሀል ከተደበቀ የአሜሪሺየሙ ደካማ ጋማ ብረቱን አያልፍም፣ ኒውትሮኑ ግን ያልፋል። ሁለቱንም የሚለይ ዕቃ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ላብራቶሪ ብቻ ተብሎ የሚገዛ ቅንጦት አይደለም፤ ብረት የሚለየውን ልጅ የሚመለከት ነገር ነው።

እዚህ ምን መሥራት ይቻላል?

ፕላስቲኩን ማብሰል ይቻላል። ስታይሪን ወይም ቪኒልቶሉን ታጠራለህ፣ ፒፒኦውን ታሟሟለህ፣ ኦክስጅኑን በናይትሮጅን ታስወጣለህ፣ የታሸገ ዕቃ ውስጥ ከትተህ ለቀናት በእኩል ሙቀት ምድጃ ውስጥ ታቆየዋለህ። ከዚያ መቁረጥ፣ መሞረድ፣ መወልወል ነው። ፈተናው ሙቀቱን ለቀናት አንድ ዓይነት አድርጎ መያዝ ነው፤ መብራት በመሀል ከጠፋ ፕላስቲኩ አረፋ ሊይዝ ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ባትሪ ወይም ጄኔሬተር የሥራው አካል ነው ማለት ነው። ለመጀመሪያው ግን የተዘጋጀውን ገዝቶ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚታወቅ ማወዳደሪያ ይኖርሃልና።

ወጪው የሚበዛው ኤሌክትሮኒክሱ ላይ ነው። ብልጭታውን በሰከንድ በመቶ ሚሊዮኖች ጊዜ ናሙና እየወሰደ ወደ ቁጥር የሚቀይር ዲጂታይዘር ያስፈልጋል። ከሺህ ቮልት በላይ የሚፈልገውን ፎቶመልቲፕላየር በ30 ቮልት አካባቢ በሚሠራ የሲሊከን ዳሳሽ መተካት ይቻላል፤ ይህኛው ግን ሙቀት ሲለዋወጥ ማጉላቱ ስለሚለዋወጥ የጠዋቱን ብርድና የቀትሩን ፀሐይ በሶፍትዌር ማረም ግድ ነው። ሶፍትዌሩን የሚጽፍ ወጣት ደግሞ በዚህ ከተማ ሞልቷል። ፊዚክስ ያጠናና ፓይተን የሚያውቅ ልጅ ባንክ ቤት ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት ማየት የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው፤ ይህ ሥራ የሚጠይቀው እሱን ነው።

መሣሪያውን በሚታወቅ ጨረራ ማስተካከሉም በጥቂት ምንጭ ይሆናል። ፕላስቲክ ሶዲየም አዮዳይድ እንደሚባለው የጋማ መለኪያ ክሪስታል ስለታም የጉልበት ጫፍ አያሳይም፤ ስለዚህ የኮምፕተን ጠርዝ የሚባለውን፣ ጋማ በአንድ ግጭት ለኤሌክትሮን ሊሰጥ የሚችለውን ትልቁን ጉልበት ነው የምትጠቀመው፤ የሲዚየም-137 ጠርዝ 477 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ነው። ኒውትሮኑን ለመፈተን አሜሪሺየም ቤሪሊየም ወይም ካሊፎርኒየም-252 ያስፈልጋል። ይህ ያለ ፈቃድና ያለ ተቆጣጣሪ የሚያዝ ነገር አይደለም፤ ምንጩን ማስመዝገብ፣ መቆለፍ፣ የሠራተኛውን መጠን መከታተል የሥልጠናው ግማሽ ሊሆን ይገባል። ምንጩ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ከላይ የሚዘንበው ኒውትሮን አለ። ያ የሚያስቸግረን ከፍታ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ቀስ ብሎም ቢሆን በነጻ የሚመጣ መፈተኛ ነው።

ስለ ፕላስቲኩ እውነቱን መደበቅ የለበትም። በመለየት ችሎታው ከስቲልቢን ያንሳል። ፕሮቶን ብርሃን የመስጠት አቅሙ ደካማ ነው፤ 1 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ፕሮቶን የሚሰጠው ብርሃን ያንኑ ጉልበት ያለው ኤሌክትሮን ከሚሰጠው አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ጉልበታቸው ያነሰ ኒውትሮኖች ታች ላይ ከጋማው ጋር ይቀላቀላሉ፤ ሁለቱ መስመሮች እዚያ ይገናኛሉ። ጋማው በጣም ሲበዛ ደግሞ ሁለት ጋማዎች ተከታትለው ይገቡና ሁለተኛው የመጀመሪያው ጅራት መስሎ ይታያል፤ መሣሪያው ኒውትሮን ብሎ ይቆጥረዋል። ይህን የሚለይ ፕሮግራም ያልተጻፈለት መሣሪያ በተለይ ጠንካራ ምንጭ አጠገብ አይታመንም። ትልልቅ የፕላስቲክ ሰሌዳዎች ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅባቸው ውሃ ይጠጡና ሲቀዘቅዙ ውስጣቸው ጭጋግ ይይዛል፤ ለዓመታት ደጅ የቆሙ የመመርመሪያ በሮች ላይ የታየ ችግር ነው። አንድም ነገር አለ፤ ተራው ዓይነት ፈጣን ኒውትሮንን ብቻ ነው የሚያየው። ለዘገምተኛው ሊቲየም-6 ወይም ቦሮን-10 የተጨመረበት ዓይነት ያስፈልጋል።

"ሪአክተሩን የሚሠራው ኩባንያ መለኪያውንም ይዞ ይመጣ የለም ወይ?" የሚል ይኖራል። ይመጣል። ግን ሻጭ ያመጣውን መለኪያ በሌላ መለኪያ የሚያረጋግጥ የራስህ ሰው ከሌለህ ቁጥሩን ተቀብለህ ከመፈረም ውጭ ምርጫ የለህም። ሪአክተሩ በደንብ ከተከለለ ኒውትሮኑ ከግቢው ወጥቶ ሰፈር አይደርስም፤ ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የሚያገኘው ሠራተኛውን ነው። ያገለገለ ነዳጅ የሚያጓጉዘውን፣ በመያዣው ዙሪያ የሚሠራውን፣ ለጥገና የሚገባውን። የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ተቆጣጣሪዎችም ነዳጁ በተባለው ቦታና መጠን መኖሩን ከሚያረጋግጡባቸው መንገዶች አንዱ ኒውትሮን መቁጠር ነው። ኢትዮጵያ የኤጀንሲው አባል የሆነችው ድርጅቱ በተመሠረተበት በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ተቆጣጣሪው ሲመጣ አጠገቡ ቆሞ ቁጥሩን የሚያነብና የሚከራከር ኢትዮጵያዊ ባለሙያ መኖር አለበት።

ደግሞ ይህ ሥራ ሪአክተሩን ቆሞ አይጠብቅም። እርጥብ መሬት ኒውትሮንን እንደሚቀንስ ከላይ ጠቅሻለሁ። ይህንኑ በመጠቀም ማሳ ላይ በቆመ አንድ መሣሪያ ከመቶ ሜትር በላይ ዙሪያ ያለውን የአፈር እርጥበት መለካት ይቻላል፤ አፈሩ ሳይቆፈር፣ ገመድ ሳይዘረጋ። ሊቲየም የተጨመረበት ፕላስቲክ ለዚህ ይሆናል። አራት ኪሎ ላይ መነሻውን የለካ ቡድን መሣሪያውን ይዞ ሆለታ ወይም ቢሾፍቱ የግብርና ምርምር ማዕከላት ቢሄድ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን የአንድ ክረምት መረጃ ሊሰበስብ ይችላል፤ ለመስኖ ዕቅድም ለጨረራ ማንቂያ ገደብም የሚያገለግለው ያው አንድ መዝገብ ነው።